ዳግም የተሠራው ባትልስታር ጋላክቲካ፦ ሙታኑን የቆጠረ ድራማ ለምን መርሳትን መረጠ?

ባለካሴቱ (ጎንደር፣ ፒያሳ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከቤት ሲያውለኝ ዳግም የተሠራውን የአሜሪካ የጠፈር ተከታታይ ድራማ ባትልስታር ጋላክቲካን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተመለከትሁት። ከዓመታት በፊት ከፊልም ቤት በፍላሽ አስገልብጬ አይቼው ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ክፍሎቹ ተዘበራርቀውብኝ፣ አንዳንዶቹም ጎድለውብኝ ስለነበር አስተያየት ከመስጠት ተቆጥቤ ቆይቻለሁ። አሁን በቅደም ተከተሉ ስለጨረስሁት ልናገር። ይህን ሥራ ከማውቃቸው የሳይንስ ልብወለድ ተከታታዮች ሁሉ አብልጬ አከብረዋለሁ፤ መጨረሻውን ግን ይቅር ለማለት አልቻልሁም።

ከልጅነቴ ካልጀመርሁ ቅሬታዬ አይገባችሁም። አጎቴ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አንድ ጊዜ ከካርቱም ሲመለስ የመጀመሪያውን ጋላክቲካ የያዙ ሦስት የቪዲዮ ካሴቶች ይዞልን መጣ። ከምስሉ ግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ ዓረብኛ ነው፣ ንግግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ አጎቴ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ያስረዳን ነበር፣ ያልገባውንም ከራሱ እየጨመረ። የጋላክቲካ፣ ማለትም የጠፈር ጦር መርከቧ፣ አዛዥ አዳማ እንደሚባል ሲነግረን፣ የናዝሬትን የድሮ ስም የምታውቀው አያቴ «ታዲያ ያገር ልጅ ነዋ!» አለች፤ ከዚያ በኋላ በቤታችን ሰውየው ያገር ልጅ ሆኖ ቀረ። ሳይሎን የሚባሉት ብረት ለበስ ጠላቶች በዓይናቸው ቦታ አንዲት ቀይ ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ ትመላለሳለች። መብራት በጠፋ ቁጥር እኔና እኅቴ በእጅ ባትሪ አፍ ላይ ቀይ የከረሜላ ወረቀት በላስቲክ አስረን፣ ታናሽ ወንድማችን እስኪያለቅስ ድረስ ግድግዳው ላይ እናመላልሰው ነበር።

ያን ድራማ የሠራው ግሌን ላርሰን ሲሆን፣ በአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1978 ነው። የግብፅና የእስራኤል የካምፕ ዴቪድ ስምምነት የተፈረመውም በዚያው ምሽት ስለነበር የመጀመሪያው ክፍል ለዜናው ሲባል መሐል ላይ ተቋርጧል። ድራማው ራሱም ዓመት ሳይሞላው በ24 ክፍል ቀረ። እወደዋለሁ፤ ጉድለቱ ግን ይታየኛል። የዐሥራ ሁለት ዓለማት ሕዝብ በአንድ ቀን ካለቀ በኋላ፣ አመዱ ሳይበርድ፣ ተራፊዎቹን ካሪሎን በምትባል ፕላኔት ላይ ቁማር ቤት ገብተው ሲዝናኑ እናገኛቸዋለን። የጠፈር ውጊያውም ያው አንድ ምስል ከክፍል ክፍል እየተደጋገመ የሚለጠፍ ነበር። ቦክሲ ለሚባለው ሕፃን በተሠራለት የብረት ውሻ ውስጥ ደግሞ ቺምፓንዚ ነበረበት፤ ይህን ካወቅሁ በኋላ እንኳ ውሻው ሲሮጥ ሳየው ደስ ይለኛል።

ሮናልድ ሙር እ.ኤ.አ. በ2003 ታሪኩን እንደ አዲስ ሲጀምረው ያረመው ይህንኑ ስሕተት ነው፤ አሮጌው ድራማ ሳይቀመጥ የዘለለውን ሐዘን አዲሱ ተቀመጠ። «33» የሚባለውን ክፍል አስታውሱ። ሳይሎኖቹ በየ33 ደቂቃው ይደርሱባቸዋል፣ መርከቦቹ ዘለው ያመልጣሉ፣ ሰዓቱ እንደገና ይቆጥራል፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ሳይኖር ይህ ከአምስት ቀን በላይ ይዘልቃል። ፕሬዚዳንቷ ላውራ ሮዝሊን በነጭ ሰሌዳ ላይ በሕይወት ያሉትን ሰዎች ቁጥር ታሰፍራለች፤ ሲጀመር 50,298 ነበር። በዚያ ክፍል መጨረሻ ቁጥሩ ከ48 ሺህ በታች ከወረደ በኋላ፣ በአንደኛዋ መርከብ ላይ ሕፃን መወለዱ ይነገራታል። ትነሣለች፣ የቀድሞውን አኃዝ ታጠፋለች፣ አንድ ጨምራ ትጽፋለች። ፊቷ ላይ የሚታየው ፈገግታ በሦስቱም ካሴቶቼ ውስጥ የለም። ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ በአብዛኞቹ ክፍሎች መክፈቻ ላይ ይወጣል፤ በጋላክቲካ መተላለፊያ ግድግዳ ላይም የሟቾች ፎቶግራፎች ከዳር እስከ ዳር ተለጥፈዋል።

እንግዲህ ቅሬታዬ ከዚህ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በማርች 2009 በታየው የመጨረሻ ክፍል ተራፊዎቹ ከ150,000 ዓመት በፊት በነበረችው መሬታችን፣ ያውም በአፍሪካ፣ ያርፋሉ፤ ከዚያም መርከቦቻቸውን በሙሉ ወደ ፀሐይ ይሰዳሉ። ከተማ አንሠራም፣ ያለፈውን ስሕተት አንደግምም ብለው ባዶ እጃቸውን በየአቅጣጫው ይበተናሉ። የፎቶው ግድግዳ ከጋላክቲካ ጋር እሳት ውስጥ ገባ። አራት ምዕራፍ ሙሉ አንድ በአንድ ሲቆጥር የኖረ ሕዝብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ራሱን ከመዝገብ ፋቀ። እናንተስ እንዴት አያችሁት?

የአዘዞው

ወንድሜ ባለካሴቱ፣ አንተ የተናደድኸው በመጨረሻው ነው፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አልተስማማኝም። የድሮው ጋላክቲካ ከቤተሰብ ጋር ተቀምጦ የሚታይ ነበር፤ አዛዡ አባት ይመስላል፣ ወጣቶቹ ወንድማማች ይመስላሉ። በአዲሱ ውስጥ የማይጠጣ፣ የማይማታና የማይዋሽ ሰው ፈልጌ አጣሁ። ካሜራው እንኳ እንደ ሰካራም ይወዛወዛል። የጦር አብራሪውን ስታርባክን ሴት አድርገው ሲያመጧትም አልተዋጠልኝም፤ የድሮው ስታርባክ ዲርክ ቤኔዲክት ራሱ ይህን በጽሑፍ ነቅፏል። አዲስ ታሪክ ከፈለጉ አዲስ ስም ይስጡት፣ የሌላውን ስም ለምን ይወስዳሉ?

የጎንደር ሰው ነንና የምንግባባበት ምሳሌ ላምጣ። በጣሊያን ጊዜ ፋሲል ግቢን ሲጠግኑ ሲሚንቶና ብረት ተጠቀሙ፤ ቆየት ብለው የመጡት ባለሙያዎች ግን ይህ ለግንቡ እንደማይስማማው አይተው ወደ ኖራው ተመለሱ። አዲሱ ጋላክቲካ ለእኔ ያ ሲሚንቶ ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ከድንጋዩ ጋር አይተዋወቅም።

ባለካሴቱ

ምሳሌህ ቆንጆ ናት፣ ግን ከጉዳያችን ጋር አትገጥምም። ግንቡ አንድ ነው፤ በሲሚንቶ ከተበላሸ ሌላ የለንም። የድሮው ድራማ ግን ማንም ሳይነካው ዛሬም አለ፤ ካሴቴ ውስጥ ሲሚንቶ ያፈሰሰ ሰው የለም።

በስታርባክ ጉዳይ እኔም መጀመሪያ ፊቴን አዙሬ ነበር። ኬቲ ሳክሆፍ ግን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ክፍል ላይ አሸነፈችኝ፤ የድሮው ስታርባክ ችግር ሲመጣ ሲጋራውን ለኩሶ ይስቃል፣ ይህቺ ግን ሳቋ ራሱ ቁስል እንደሆነ ታሳያለች። ደግሞ ቤኔዲክትን ከጠቀስህ ሪቻርድ ሃችን አትርሳው። በድሮው ድራማ የአዛዡን ልጅ አፖሎን የተጫወተው ይህ ሰው ታሪኩ ከቆመበት እንዲቀጥል ለዓመታት ደክሟል፣ ሁሉም እንደ አዲስ ሊጀመር መሆኑን ሲሰማም ተቃውሟል። በኋላ ግን ቶም ዛሬክ የሚባለውን እስረኛ ፖለቲከኛ ሆኖ መጣ። አሮጌው አፖሎ ከአዲሱ አፖሎ ፊት ተቀምጦ ስለዚያ ስም ትርጉም የሚከራከርበትን ክፍል ስመለከት፣ እኔ ከቴሌቪዥኑ ጋር ስሟገት የነበረውን ሙግት እርሱ በውስጡ ገብቶ የሚሟገትልኝ መሰለኝ። ሃች እ.ኤ.አ. በ2017 አረፈ። ከእኔ ይልቅ የመቀየም መብት የነበረው ሰው ከገባበት፣ እኔ በር ላይ ቆሜ የምቀርበት ምክንያት አልታየኝም።

ባይት

ጋሼ ባለካሴቱ፣ እኔ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ተማሪ ስሆን የድሮውን ድራማ አላየሁትም፤ ስለዚህ ቅሬታዬ ናፍቆት የለበትም። የማደንቀው አንድ ነገር አለ፤ ጋላክቲካ ከጥቃቱ የተረፈችው ዘመናዊ ስለሆነች ሳይሆን አሮጌ ስለሆነች ነው። ጡረታ ወጥታ ሙዚየም ልትሆን የተዘጋጀች መርከብ ናት፤ አዛዡ ኮምፒዩተሮቿ እርስ በርስ እንዳይገናኙ ከልክሏል፣ ስልኮቿም ባለ ገመድ ናቸው። ሳይሎኖቹ የሌሎቹን መርከቦች ሲስተም በአንድ ጊዜ ሲያጠፉ እርሷን የሚያጠፉበት ቀዳዳ አጡ። «ሲስተም የለም» የሚለውን ቃል በየመስኮቱ እየሰማን ላደግን ሰዎች ይህ ሐሳብ ማብራሪያ አይፈልግም።

የማልወደው ደግሞ ማታለሉን ነው። የመክፈቻው ጽሑፍ ሳይሎኖቹ ዕቅድ እንዳላቸው በየጊዜው ይነግረናል። ያን ዕቅድ ለማግኘት ማስታወሻ ደብተር ይዤ ነበር የተከታተልሁት፤ ዕቅድ ግን አልነበረም። ደራሲዎቹ ራሳቸው መንገዱን እየሄዱ ነበር የሚጠርጉት፤ በሰዎቹ መካከል ተደብቀው የኖሩት የመጨረሻዎቹ አምስት ሰው መሰል ሳይሎኖች እነማን እንደሆኑ የወሰኑትም ታሪኩ ከገፋ በኋላ ነው። ይህም ሆኖ ግን ተራፊዎቹ በሰፈሩባት በኒው ካፕሪካ ፕላኔት ላይ ሳይሎኖች ያደረጉትን ወረራ የሚያሳዩትን ክፍሎች ያህል ያስጨነቀኝ ነገር የለም፤ በኢራቅ ጦርነት ወቅት የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተመልካቹን ከወራሪው ሳይሆን ከተወረረው ወገን ማስቀመጡ ትልቅ ድፍረት ይመስለኛል።

ቀሃ

ብዙ ተመልካቾች በውጭ አገር የሚያማርሩት መላእክት ገቡበት ብለው ነው። በእኛ ቤት የሆነው ተቃራኒው ነበር። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ምሽት ላይ እየፈተለች አጠገቤ ትቀመጥና አልፎ አልፎ ምን አሉ ብላ ትጠይቀኛለች። ሰዎቹ ብዙ አማልክት እንደሚያመልኩ፣ ጠላቶቻቸው ሳይሎኖች ግን በአንድ አምላክ እንደሚያምኑ ስነግራት እንዝርቷን አቆመች። «ታዲያ ለማን ነው የምናዝነው?» አለችኝ። ያ ድራማ ሊጠይቀው የፈለገውን ጥያቄ እርሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠየቀችው።

ለሳይንቲስቱ ለባልታር ብቻ የምትታየው ሴት በመጨረሻ መልእክተኛ ሆና ስትገኝም እናቴ አልተገረመችም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ሥር ዕድሜ ልኳን የቆመች ሴት፣ መላእክት ከላይ ሆነው ሰውን ትኩር ብለው ቢያዩ ምን ይደንቃታል? እኔን ያስቀየመኝ የስታርባክ ነገር ነው፤ ሜዳ ላይ ቆማ ስታነጋግረው የነበረው ሰው ዘወር ብሎ ሲመለስ የለችም። መልአክ ከሆነች መልአክ በሉን፣ ሙት ከሆነችም ሙት በሉን።

ጠመኔ (ማራኪ)

በዚህ መድረክ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ባዮሎጂ አስተምሬአለሁ፤ ድራማውን ማየት የጀመርሁትም ስለ ሮዝሊን ሰምቼ ነው። የትምህርት ሚኒስትር ነበረች፤ በሥልጣን ተዋረዱ 43ኛ ነበረች፣ ከፊቷ የነበሩት ሁሉ በአንድ ቀን ስላለቁ ፕሬዚዳንት ሆነች። ሰሌዳው ላይ ቁጥር ስትጽፍ እጇ የአስተማሪ እጅ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የመጡትንና የቀሩትን የመቁጠር ልማድ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል።

አሁን ጋሽ ባለካሴቱ ወዳነሡት ጉዳይ ልመለስ። ድራማው ተራፊዎቹን በምሥራቅ አፍሪካ ከ150,000 ዓመት በፊት ያሳርፋቸዋል፤ በመዝጊያው ላይ ደግሞ የሰው ልጆች ሁሉ እናት የተባለችው ወጣት ሴት አፅም በታንዛኒያ መገኘቱ ይነገራል። እዚህ ላይ የሙያዬ ነገር ነውና አንድ እርማት ይፈቀድልኝ። ሳይንሱ ከእናት በሚወረሰው የሚቶኮንድሪያ ዘረ መል በኩል ሁላችንም የምንገናኝባት ብሎ የሚገምታት ሴት በዘመኗ ብቻዋን የኖረች አይደለችም፤ አፅሟም ተለይቶ የሚታወቅ አይደለም፤ በዘር ውርስ ስሌት የምትደረስ እንጂ ከመሬት የምትቆፈር አይደለችም።

የሚከነክነኝ ግን ይህ ሳይሆን ሌላ ነው። አዳማና ጓደኞቹ ሜዳው ላይ የሚኖሩትን ሰዎች ከሩቅ በመነጽር እያዩ ቋንቋ እንኳ የላቸውም ይላሉ፤ እነርሱም ከራሳቸው ምርጥ የሆነውን እንደሚሰጧቸው ያወራሉ። ይህ ድራማ በጀመረበት በዚያው በ2003 እ.ኤ.አ.፣ ከአፋር ምድር፣ ከመካከለኛው አዋሽ ሄርቶ ከተባለ ስፍራ የተገኙ የራስ ቅሎች ለዓለም ይፋ ሆነው ነበር፤ ከተመራማሪዎቹ አንዱ ዶክተር ብርሃነ አስፋው በዚሁ በጎንደር የተወለዱ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ 160,000 ዓመት ይጠጋል፤ ስለዚህ የጋላክቲካ ሰዎች ሲያርፉ የሄርቶ ሰዎች በዚህ አካባቢ ከኖሩ አሥር ሺህ ያህል ዓመት አልፏል ማለት ነው። ከራስ ቅሎቹ መካከል አንዱ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ሕፃን ነው። በላዩ ላይ በድንጋይ መሣሪያ የተሠራ የመፋቂያ ምልክት አለ፤ የአጥንቱ ገጽም ለስልሷል፣ ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት በተደጋጋሚ በእጅ ከመያዝ የተነሣ ሊሆን ይችላል። የሞተውን ልጅ የራስ ቅል አጽድተው ያስቀመጡት፣ አልፎ አልፎም በእጃቸው የሚይዙት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

ጋሽ ባለካሴቱ የፎቶው ግድግዳ ተቃጠለ ብለው አዝነዋል። እኔ ደግሞ የሚያሳዝነኝ፣ ባለ ፎቶዎቹ በወረዱበት ምድር ሙታኑን የሚያስታውስ ሌላ ሕዝብ ቀድሟቸው ነበረ፣ ደራሲዎቹ ግን ሁለቱን ሳያገናኙአቸው ቀሩ። አንዲት የጋላክቲካ አብራሪ የፎቶግራፏን ጠርዝ ይዛ፣ አንዲት የዚያ አገር እናት ያን የለሰለሰ ቅል ይዛ ተያይተው ቢሆን ኖሮ፣ ቋንቋ የላቸውም የሚለው ቃል ከአዳማ አፍ ባልወጣ ነበር።

የአዘዞው

ይህን ሳላውቅ ነው ስለ ካሜራ መወዛወዝ ያወራሁት። እትዬ ጠመኔ፣ የአፋሮቹን ሰዎች ሳይንሱ ምን ብሎ ሰየማቸው?

ጠመኔ

ኢዳልቱ። ቃሉ አፋርኛ ነው፤ ታላቅ፣ ሽማግሌ እንደማለት ነው።

ባለካሴቱ

እትዬ ጠመኔ፣ ጽሑፍዎን ትናንት ማታ አንብቤ መልስ ሳልጽፍ አደርሁ። ጠዋት ተነሥቼ የመጨረሻውን ክፍል ከማረፊያው ጀምሮ እንደገና አየሁት። እውነትዎን ነው፤ በመነጽር የሚታዩት ሰዎች ከሣሩ ጋር አብረው የተሳሉ ይመስላሉ፣ ካሜራው አንድ ጊዜ እንኳ ወደ አንዳቸው ፊት አይቀርብም። ተራፊዎችን አንድ በአንድ የቆጠረ ድራማ፣ ቀድመው የነበሩትን አንድም አልቆጠረም። እስካሁን ቅሬታዬ ተራፊዎቹ ራሳቸውን ፋቁ የሚል ነበር፤ አሁን ግን ቁጥሩ የተሳሳተው እነርሱ መሬት ከረገጡበት ሰዓት ጀምሮ እንደነበረ ገባኝ። ሮዝሊን በሰሌዳዋ ፊት ብትሆን ኖሮ ታጠፋውና እንደ አዲስ ትጽፈው ነበር፤ ግን መሬት ደርሳ ብዙም ሳትቆይ በአዳማ አጠገብ ሞተች፣ የሚቆጥርም ጠፋ።

ይህ ማለት ድራማውን ጠላሁት ማለት አይደለም፤ በሚቀጥለው ክረምትም አየዋለሁ። «33»ን ግን ለብቻው፣ የመጨረሻውን ክፍል ደግሞ እርስዎ የጻፉትን በአእምሮዬ ይዤ።

ለአዘዞው ወንድሜ አንድ ነገር ልጨምር። ከክርክራችን በኋላ ሣጥኑን ከፍቼ ካሴቶቹን አወጣኋቸው። ሁለቱ ሻጋታ በልቷቸዋል። በሦስተኛው ላይ በአጎቴ የእጅ ጽሑፍ «አዳማ» ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ ደግሞ እኅቴ በልጅነቷ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ረዥም መስመር አስምራለች፤ ሳይሎን መሆኑ ነው። ቴፑ ንጹሕ ይመስላል፤ ነገር ግን የእኛ ዴክ ከተበላሸ ዐሥር ዓመት አልፎታል።

የአዘዞው

የእኔ ዴክ ይሠራል። ቴፑን የሚያነብበትን ሄዱን ግን በአልኮል መጥረግ ያስፈልገዋልና ከማምጣትህ በፊት አንድ ቀን ቀደም ብለህ ንገረኝ። እኅትህንም ይዘሃት ና፤ ወረቀቱንና ባትሪውን እኔ አዘጋጃለሁ።